ጉልቻ ሲለዋወጥ፦ አንድ የከሰል ምድጃ ከታይላንድ በናይሮቢ በኩል እስከ መርካቶ

በየዓመቱ ስንገናኝ ቡናው ከቀረበ በኋላ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ከውጭ የመጣ አንዱ ወዳጃችን «እዚህ አገር አዲስ ነገር የሚያወጣ ድርጅት ለምን ጠፋ?» ብሎ ይጀምራል። አንዱ «ካፒታል የለማ!» ይላል። ሌላው ፖሊሲውን ይከሳል። ሦስተኛው ደግሞ ጥፋቱን በዩኒቨርሲቲው ላይ ይጥላል፤ መምህራኑ ይከፋቸዋል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩም ለከርሞ ያድራል። የዘንድሮው የዓመት መጽሐፍ አዘጋጆች «አንተም አንድ ነገር ጻፍ እንጂ» ሲሉኝ ያንን ክርክር በወረቀት ልቀጥለው ወሰንኩ። የማወራው ግን ስለ ትልልቅ ፋብሪካ ወይም ስለ ኮምፒውተር አይደለም። ስለ ከሰል ምድጃ ነው።

ለዚህ ምክንያት አለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ነበር። ግድግዳው ድርብ፣ የአየር ማስገቢያው በስሌት የተለካ፣ ሥዕሉ ያማረ። «ኤ» አገኘሁበት። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ወሰድኩላት። ሁለት ሳምንት ያህል ሞከረችውና ወደ አሮጌው የቆርቆሮ ምድጃዋ ተመለሰች። የእኔው አፈር ተሞልቶ የጤና አዳም መትከያ ሆነ። «ምን ጎደለው?» ብዬ ስጠይቃት «ምንም አልጎደለውም ልጄ፤ ረጅም ነው እንጂ። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ድስቱ ውስጥ ያለው አይታየኝም። ጀበናውም ያንገዳግደዋል» አለችኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ የምድጃን ታሪክ ማንበብ ስጀምር፣ የእናቴ መልስ በፕሮጀክቴ ላይ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠ ቁም ነገር እንደነበረው ገባኝ።

ባህር ዛፍ ያቆማት ከተማ

ታሪኩን ከአዲስ አበባ ልጀምር። (ዓመቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። በቀድሞው ልማድ ማገዶ ሲያልቅ የንጉሡ ሰፈር ይነሣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። መናገሻው ግን አልተዛወረም፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ አገር ውስጥ የገባው ባህር ዛፍ ነው።

ልብ በሉ፤ ባህር ዛፍ የእኛ አይደለም፣ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ያስፋፋውም የንጉሥ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ዛፉ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ማገዶም፣ የቤት ማገርም፣ አጥርም ይሆናል። የተከለ ሁሉ ሸጦ ገንዘብ አየበት። የተዋሱትን ነገር ለራስ ችግር አውሎ ገበያ ማድረግ ማለት ይኸው ነው። የከተማዋ የመጀመሪያ ትልቅ የንግድ ፈጠራ ይህ ነበር ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ዳሩ ግን ይህ ታሪክ ሌላ ገጽታ አለው። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ተማሪ የለም። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ አንዳንዴም የራሳቸውን ክብደት ያህላል። ዛፉ በቅሏል፣ ከተማዋ ቆማለች፤ የእነሱን ጀርባ የሚያሳርፍ ፈጠራ ግን ለረጅም ዘመን አልመጣም። «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» እንላለን። ታዲያ እዚህ ጋ ችግሩ ያን ያህል ዘመን ለምን መከነ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ጎረቤት ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል።

የናይሮቢ ቀጥቃጮች

እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1979 የነዳጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ሲያሻቅብ፣ ነዳጅ የሌላቸው ድሃ አገሮች ክፉኛ ተመቱ። ኬንያም አንዷ ነበረች። የናይሮቢ ነዋሪ አብዛኛው ያኔ የሚያበስለው በከሰል ነበር። ምድጃው በስዋሂሊ «ጂኮ» ይባላል፤ ያኔ ጂኮ ሁለመናው ብረት ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የባቡር ሐዲዱን ሊሠሩ የመጡ ህንዳውያን ይዘውት እንደ ገቡ ይነገራል። ብረት ሙቀቱን በጎንና በታች ይረጨዋል፤ ድስቱን ከማብሰል ይልቅ ቤቱን ያሞቃል፣ የልጅ እጅም ያቃጥላል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 የተባበሩት መንግሥታት ስለ አዳዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች ጉባኤ ያካሄደው በዚያው በናይሮቢ ነበር። ቆጣቢ ምድጃ የሚለው ሐሳብ በዚያን ሰሞን ገንዘብም ሰሚም አገኘ። የኬንያ ባለሙያዎች ዓይናቸውን የጣሉት በታይላንድ ላይ ነው። እዚያ ሰው ያበስልበት የነበረው ምድጃ ከውጭ የቆርቆሮ ባልዲ፣ ከውስጥ ወፍራም ሸክላ ነበር። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ እንዳለ ሲገለበጥ ግን ናይሮቢ ላይ አልሠራም። ሸክላው ከላይ እስከ ታች ስለ ነበር ከበደ፣ ተሰነጠቀም። የኬንያ ሴት ደግሞ የምታበስለው ኡጋሊ ነው፤ ኡጋሊ በኃይል ይማሰላል፤ ምድጃው ጸንቶ ካልቆመ ድስቱ ይደፋል።

ምድጃውን ያስተካከለው የአንድ ሊቅ ጭንቅላት አይደለም፤ ምልልስ ነው። መሐንዲሶች ሠሩ፣ የሴቶች ማኅበራት ሞክረው ነቀፉ፣ ቀጥቃጮች ደግሞ «ይሄ በመዶሻ አይታጠፍም፣ ያኛው ብረት ያባክናል» አሉ። በመጨረሻ የወጣው ምድጃ ወገቡ የጠበበ፣ ከላይና ከታች የሰፋ ሆነ፤ ከበሮ መሳይ ማለት ይቻላል። ሸክላው የላይኛውን ግማሽ ብቻ ይይዛል፣ የታችኛው ግማሽ አመድ መውደቂያ ነው። ቀለለ፣ ረከሰ፣ አልገለበጥ አለ። የከሰል ቁጠባውም እንደ አያያዙ ከሩብ እስከ ግማሽ ይገመታል።

ሥራውን ያስፋፉት የኬንያ ሰዎች «ጁዋ ካሊ» የሚሏቸው ናቸው፤ «የሚያቃጥል ፀሐይ» ማለት ነው፤ ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ በፀሐይ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ስለሆኑ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ያወጣው ሪፖርት እነዚህን ሰዎች ሥራ ፈት ሳይሆን ሠራተኛ መሆናቸውን ለዓለም ካሳዩት ሰነዶች ዋነኛው ነው፤ ኢኮኖሚክስ ያጠናችሁ ወዳጆቼ የምታውቁት «ኢንፎርማል ሴክተር» የሚለው ቃል በሰፊው የታወቀው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የናይሮቢ ካሙኩንጂ ቀጥቃጮችን ጎብኝተው መጠለያ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ሲባረር ለኖረ ሰው፣ ጣሪያ ማለት «ነገም እዚሁ ነህ» ማለት ነው። ነገ እዚሁ መሆኑን ያወቀ ሰው ደግሞ አዲስ ነገር ለመሞከር ይደፍራል።

ምድጃው በነፃ አልታደለም፤ በገበያ ተሸጠ። መጀመሪያ ላይ ውድ ነበር፤ ሠሪው ሲበዛ፣ አንዱ ከሌላው ሲማር፣ ዋጋው ወረደ። መንግሥትና ለጋሾች የከፈሉት ለሙከራ፣ ለሥልጠናና ለማስተዋወቂያ ነው። ኪሳራውን እነሱ ቻሉ፤ ትርፉን ለቀጥቃጩ ተዉለት። የመጀመሪያውን ውድቀት መሸከም ለደሃ ቀጥቃጭ ከአቅም በላይ ነውና፣ ይህ የሥራ ክፍፍል ቀላል ነገር አይደለም።

ላቀች

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛም አገር ከሰል በጣሳና በጆንያ ይሸጣል፤ ምድጃው ግን ከአሮጌ ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥ ነበር። የሚቀጠቅጠውን ሰው ታሪክ ካላወቅን የምድጃውን ታሪክ አናውቅም።

በእኛ ባህል ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የምትሠራው ሁለቱም የተናቁ ነበሩ። ማረሻውን ከእሱ ገዝተን፣ ምጣዱን ከእሷ ገዝተን፣ «ቡዳ ናቸው» ብለን ልጆቻችንን እንሸሽጋለን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። በአዋጅ ግን ንቀት አይጠፋም። እኛ ራሳችን በተማሪነታችን ስንቶቻችን ነን የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑን የደበቀ የዶርም ጓደኛ የነበረን?

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ባለሀብት ካፒታል በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር፣ በጅምላ ንግድ ከ300,000 ብር፣ በችርቻሮ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ማደግ የሚፈልግ ሁሉ ጣሪያው ላይ ራሱን መታ። የመርካቶ ምናለሽ ተራ ቀጥቃጭ ግን ከጣሪያው በብዙ ርቆ ስለሚኖር ሥራውን ቀጠለ። በርሜሉን ቀዶ በር፣ የዘይት ጣሳውን ኩራዝ፣ ያረጀውን ብረት ማጭድ ያደርገዋል። እዚያ ቦታ የሚጣል ነገር የለም። ትልቁ ሥራ በተዘጋበት ዘመን የአገሪቱ የእጅ ብልሃት ተሸሽጎ የኖረው በእነዚህ ትንንሽ ሱቆች ውስጥ ነው።

በ1980ዎቹ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄደ የመንግሥት ፕሮጀክት የማብሰያ ማገዶን ለመቆጠብ ሥራ ጀመረ። ባለሙያዎቹ የኬንያውን ጂኮ አይተው፣ ለአዲስ አበባ ማእድ ቤት እንዲሆን አሻሽለው አንድ ምድጃ አወጡ። ስሟ ላቀች ተባለ። ስሟን ልብ በሉልኝ፤ «ሞዴል ቁጥር ሁለት» አልተባለችም። ጎረቤት ሊጠራት የሚችል የሴት ስም ተሰጣት። ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ስትነጻጸር ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ታተርፋለች። የግል ሠሪዎች ሠለጠኑ፣ ማስታወቂያ ተሠራ፣ የቀረው ለገበያ ተተወ።

ላቀች ደግሞ ሁለት እጅ ትፈልጋለች፤ የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ። ብረቱ ካልጠበቀ ሸክላው ይላላል፤ ሸክላው በደንብ ካልተተኮሰ በሁለት ሳምንት ይፈረካከሳል። በንቀት ለየብቻ የኖሩ ሁለት ሙያዎች በአንዲት ምድጃ ላይ ተገናኙ። አንድ የመርካቶ ቀጥቃጭ ያኔ ስለ መመረቂያ ፕሮጀክቴ ስነግራቸው ሥዕሉን ገልብጠው አዩና «ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን ገዢው ማነው? ስንት ቀን ይፈጃል? ስንት ያተርፈኛል?» አሉኝ። ሦስቱንም አላውቅም ነበር። በአምስት ዓመት ትምህርት ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ምርጥ፣ ወይም ዋጋ የሌለው ጉልበት

ከላቀች ጋር በአንድ ዘመን ሌላ ምድጃ ወጣ፤ ስሙ «ምርጥ»። ይህኛው ለእንጀራ ነው። በአገራችን ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር መሆኑን የማያውቅ የለም። በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ሲጣድ እሳቱ በየአቅጣጫው ይወጣል፤ ጋጋሪዋ ዓይኗ በጭስ ይጠፋል። ምርጥ ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከሲሚንቶ በቅርጽ የሚመረት ነው፤ አራት ቁራጮች ተገጣጥመው ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፣ ሁለት ደግሞ ከኋላ ድስት ማስቀመጫ ይሠራሉ። ሲሰበር ቁራጩን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ከክፍት እሳት ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። በኋላም የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በየክልሉ የግል አምራቾችን በማሠልጠን አስፋፍቶታል።

እንግዲህ አስቡት። ምርጥ የሚቆጥበው ከላቀች በእጥፍ ያህል ነው። ጭሱም ይቀንሳል። በጥቅሙ ቢሆን ኖሮ ገጠሩን ሁሉ ቀድሞ መውረስ የነበረበት እሱ ነው። ገበያ ግን በራሱ እግር የሮጠው ከተማ ውስጥ፣ በላቀች በኩል ነው። ገጠር ላይ ምርጥ ያለ ፕሮጀክት ግፊት ብዙም አልተራመደም። ለምን?

እኔ የደረስኩበት መልስ ይኸ ነው። የከተማዋ እመቤት ከሰሏን የምትገዛው በገንዘብ ነው። ጆንያው በሁለት ሳምንት ያልቅ የነበረው ወደ ሦስት ሳምንት ሲጠጋላት በእጇ ትዳስሰዋለች። ቦርሳውም የእሷ ነው፣ ችግሩም የእሷ ነው፣ ውሳኔውም የእሷ ነው። ገጠር ላይ ግን ማገዶው አይገዛም፤ ይለቀማል። የሚለቅሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። የእነሱ ጉልበትና ሰዓት ዋጋ አልተቆረጠለትም። በሬው ወይም እህሉ ተሽጦ የሚገኘውን ገንዘብ የሚያዝዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባልየው ነው፤ ጭሱን የማይተነፍሰው፣ ሸክሙን የማይሸከመው። ችግሩ በአንዱ ጀርባ ላይ፣ ገንዘቡ በሌላው ኪስ ውስጥ። በዚህ መካከል የሚቆም ነጋዴ ከየት ይመጣል?

የእንጦጦ እናቶችም ምስጢር ይኸው ነው። ጀርባቸው የተቆረጠው ችግሩ ስላልታወቀ ወይም ብልሃት ስለ ጠፋ አልነበረም። የሚገዛላቸው ስላልነበረ ነው። ችግር ብቻውን ፈጠራን አይወልድም። ችግሩን የሚያውቀው ሰው የሚያዝዝበት ገንዘብ ሲያገኝ፣ ለመሥራት የሚችለው ሰው ደግሞ የሚያተርፍበት መንገድ ሲከፈትለት፣ ያን ጊዜ ይወለዳል።

ስለዚህስ?

በድሃ አገር ንግድን ወደ አዲስ ነገር የሚገፋው ምንድን ነው ለሚለው የቡና ላይ ክርክራችን፣ ከዚህች ምድጃ የተማርኩትን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መዋስ አያሳፍርም። ባህር ዛፍ ከአውስትራሊያ፣ ላቀች ከታይላንድ በናይሮቢ በኩል መጣች። ፈጠራው ያለው በመለወጡ ላይ ነው፤ የሚለውጠውም ተጠቃሚው ሲነቅፍና ሠሪው ሲሰማ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ኪሳራ የሚሸከም ሰፊ ትከሻ ያስፈልጋል፤ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለጋሽ። ያ ትከሻ ግን ትርፉንም ልውሰድ ካለ፣ ወይም በነፃ ላድል ካለ፣ ሠሪውን ከገበያ ያስወጣዋል። ሦስተኛ፣ የእጅ ሙያተኛ ነገ እዚሁ መሆኑን ማወቅ አለበት። ዛሬ ሱቁ ሊፈርስ ቀለም የተቀባበት ቀጥቃጭ አዲስ ቅርጽ አይሞክርም።

ነገሩን ግን አላስውበው። ዋጋ ሲወርድ ጥራትም አብሮ ወረደ። ዛሬ ገበያ ላይ ላቀች መሳይ ብዙ አለ፤ ሸክላው በቅጡ ያልተተኮሰ፣ ብረቱ እንደ ወረቀት የሳሳ። ገዢዋ ሸክላው ምን ያህል እንደ ተተኮሰ በዓይኗ ልታይ አትችልም፤ አንዴ ከተታለለች ደግሞ ጥሩውንም አታምነውም። ከሰሉ ራሱም የሚመጣው ከአንድ ቦታ ከተቆረጠ ዛፍ ነው፤ መቆጠብ ማለት መዳን ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ዛሬ ለምታስተምሩ መምህራን የምለው ያለኝ። ሸክላ በስንት ዲግሪ እንደሚተኮስ መለካት፣ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ምልክት ማውጣት፣ ቀጥቃጩ ብቻውን ሊሠራው የማይችል የእናንተ ሥራ ነው። የተማሪውን ሥዕል ከማረማችሁ በፊት «ገዢው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ እናቴ ጤና አዳሟን ሌላ ቦታ ትተክል ነበር። እኛ የቀድሞ ተማሪዎችም ከአበባ ጉንጉንና ከእራት ግብዣ የተረፈ ገንዘብ ካለን፣ በዓመት አንድ የተማሪ ፕሮጀክት ከቀጥቃጭ ሱቅ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ኪሳራውን ብንሸከምለት የሚከብደን አይመስለኝም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ በላቀች የተሠራ ወጥ ከድሮው አይጣፍጥም። ከሰሉ ግን እስከ ማታ ይቆያል። ለከርሞው ክርክራችን ቡናውን በእሷ ላይ ብናፈላው ምን ይመስላችኋል?